አያ አድማሱ እንትፍ ያለ ዕለት

ሰሞኑን ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል ስወርድ አንድ ጎሚስታ የባጃጅ ጎማ ሲለጥፍ አገኘሁና እግሬ ቆመ። ማስቲሹን ቀብቶ ከመነዳሪውን በጋለ ብረት ሲጫነው የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን መሐል መንገድ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ጎሚስታው ቀና ብሎ «አባቴ፣ የሚለጠፍ አለዎት?» አለኝ። ምን ይለጠፍልኝ፣ ምርኩዜን? «የለኝም ልጄ፣ ትዝ ያለኝ ነገር አለ» ብዬው አለፍኩ። ቤቴ ገብቼም ሽታው አለቀቀኝም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ይህን ታሪክ ልጻፈው ባልኩ ቁጥር «ተወው፣ የሞተ ሰው ስም አይነሣ» እያለች ታስቆመኝ ነበር። የማነሣው ግን የሟቹን ስም ብቻ አይደለም፤ የእኔም ስም አለበት።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፣ ግን ፎቁ፣ ፉርኖው፣ ቃላቱም ቀርተውልን ነበር። ንጉሡ ተመልሰው አገሩ ረግቷል ይባላል። እኔ ስለ ርጋታው የማውቀው ነገር የለኝም፤ የማውቀው ሻይ በአምስት ሳንቲም መሆኑን፣ ከፉርኖ ቤቱ በር ሲቆሙ የትኩስ ዳቦው ወላፈን ፊትን እንደሚያሞቅ፣ ከሻይ ቤቱ የሚሰማው ሸክላ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌው እየዘለለ ዘፋኙን ሁልጊዜ በእንጉርጉሮው መሐል እንደሚያስቀረው ነው። ሰንበት ሲሆን ጎልማሶቹ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከባንኩ እስከ ፖስታ ቤቱ ይመላለሳሉ። እኛ ልጆቹ ካኪ ቁምጣ ነበረን፤ እሱም የታላቅ ወንድም፣ ከዚያ የመካከለኛው፣ ከዚያ የእኛ። የእኔ ቁምጣ መቀመጫው ላይ ሁለት መጣፊያ ስለነበረበት የመነጽር ቅርጽ ነበረው፤ ጓደኛዬ ደሳለኝ «ጌቴ ከኋላውም ያያል» እያለ ያሥቅብኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሥቀኛል። ያኔ ግን አንጀቴን ያሳርረው ነበር፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ።

አያ አድማሱ ከፒያሳው ጀርባ ባለ ጋራዥ ማኪና ይጠግን ነበር። ሙያውንም ኳሱንም የተማረው በጣሊያን ጊዜ ለመካኒኮቹ መፍቻ እያቀበለ ነው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ክንዱ በብየዳ የተለበለበ ሰው ነበር። ግራ ዓይኑ ላይ ፍንጣሪ ያረፈባት ነጭ ነጥብ ስለነበረች ሰው ሲያይ አንገቱን ዘወር አድርጎ በቀኙ ነው የሚያየው። ይህን የማያውቅ ሰው የገላመጠው ይመስለዋል። በዚያ ላይ እሳት ያነድዳል፣ ብረት ያቀልጣል። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዓይኑ ያረፈበት ሰው ይታመማል፣ ከስቶም ይሞታል። አያ አድማሱን ያዳነው ማኪናው ነው። ማኪና የመንግሥትና የሥልጣኔ ነገር ስለሆነ ሰዉ ደፍሮ በፊቱ አይናገርም። ሹክሹክታው ግን ነበር። ሻይ ቤት ሲገባ አንዳንዱ ሰው ዳቦውን ወደ ጉያው ሲያስጠጋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱም አይቷል። ሻዩን ቶሎ ጠጥቶ ይወጣል።

እኛን አሥራ ሁለት ልጆች የሰበሰበን እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። ኳሷን ከማኪና ከመነዳሪና ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ሰፍቶ ሠራት፤ በየሳምንቱ ስትተነፍስ በማስቲሽ ይለጥፋታል። መለያችን አቡጀዲ ነበር፣ እናቶቻችን አረንጓዴ ቀለም የነከሩት፤ ዝናብ ሲመታን ገላችን ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ከቀሐ ወንዝ በላይ ያለው ሜዳ ድንጋያም ነበርና ልምምድ የምንጀምረው ድንጋይ በመልቀም ነው። ግን የራስህን ቦታ አታጸዳም። አጥቂው የበረኛውን፣ በረኛው የአጥቂውን፣ እኔ የደሳለኝን፣ ደሳለኝ የእኔን። «አንተ የተውካት ጠጠር ላይ የሚወድቀው ጓደኛህ ነው» ይለን ነበር። አርባ ዓመት ያህል አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሁሉ ልጆቹን መጀመሪያ ያስለቀምኳቸው ድንጋይ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ጠጠር ሳይ ጎንበስ ብዬ ወደ ዳር እጥላለሁ፤ ወገቤ ይቀጣኛል፣ ልጆቼ ይሥቁብኛል።

ከእኛ መሐል ይርጋ የሚባል ከወለቃ የሚመጣ ልጅ ነበር። ወለቃ ከከተማው ወጣ ብላ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። ያኔ የምንጠራቸው በሌላ ስም ነበር፤ ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። አባቱ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ እናቱ ሸክላ ትሠራለች፤ ቡዳ የሚለው ስም ደግሞ ከማንም በፊት የሚለጠፈው እነሱ ላይ ነበር። እነሱም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ከእኛ ጋር የተነካካ ሰው ገላውን በወንዝ ውኃ ሳይታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤቱ አይገባም። ኳስ ደግሞ ያለ መነካካት የለም። ስለዚህ አያ አድማሱ ይርጋ ቀደም ብሎ ታጥቦ ፀሐይ እንደጠለቀች ቤቱ እንዲገባ ብሎ ልምምዱን ገና ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ያቆመው ነበር። እኛ እናጉረመርማለን። «ስለ አንድ ልጅ ምነው ሁላችን እንቀራለን?» አልኩት አንድ ቀን። አንገቱን ዘወር አድርጎ አየኝና «አንተ ብትሆን ሁላችን እንቀር ነበር» አለኝ። ይርጋ ውኃውን በገዛ ቅሉ ይዞ ይመጣል፣ ለብቻው ይጠጣል። ይህም የተቆጠረበት ቀን መጣ።

ደሳለኝ የእትዬ ጥሩነሽ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ጌሾና ብቅል እየነገደች ታሳድገዋለች። የቀኝ ክንፍ ነበር፣ እኔ ደግሞ የእሱ ተጠባባቂ። እንዲህ ያለ እግር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች፣ እንደ ለመደች በግ ትከተለዋለች። ጓደኛዬ ነበር፣ እወደው ነበር። ደግሞም ቀንቼበት ነበር። ሜዳ ዳር ተቀምጬ ምነው እግሩ ወለም ባለ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህን ለንስሐ አባቴም የነገርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

መስቀል አለፈና ከኮላ ድባ ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ኮላ ድባ ከደጋው ወርዶ ደንቢያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። አያ አድማሱ ማኪናውን የጠገነለት አንድ የእህል ነጋዴ ጭኖ ሊያደርሰንና በዚያው ቀን ሊመልሰን ቃል ገባ። ልንሳፈር ስንል አንድ ሽማግሌ መጥተው «አድማሱ፣ ልጆቹን ወዴት ነው? በጥቅምት ደንቢያ አይታደርም፣ ንዳዱ አይምርም» አሉት። «አናድርም አባቴ፣ ደርሰን ተመላሾች ነን» አላቸው። ማኪናው ተነሣ። እኛ እየዘፈንን ወረድን። ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ያብለጨልጫል፣ ኑጉ ቢጫ ሆኗል፣ አየሩ ከባድና የሞቀ ነው። ሽማግሌው መንገዱ ዳር ቆመው እስክንሰወር ድረስ ሲያዩን ነበር።

አራት ለአንድ አሸነፍን። ሦስቱን ያገባው ደሳለኝ ነው። ሦስተኛዋ ስትገባ እኔ ከሜዳው ዳር ብድግ ብዬ «እግሩን ግን እዩት! ምነው ለእኔ ቢሆን!» አልኩ። ድምፄን ራሴ ሰማሁት። እንዲህ የተደነቀ ሰው ወዲያው «ከዓይን ያውጣው» ይባልለታል፤ አላልኩም፣ ሌላም ሰው አላለም። ይርጋ በመስመሩ በኩል አጠገቤ ይጫወት ነበርና ሣቀ፣ ሌላ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ነጋዴው ገበያ ስለደራለት ጉዞውን አዘገየው። ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ቀን አደርን። እኛ ከእህል መጋዘኑ ተኛን፣ ይርጋ በሕጉ መሠረት ተለይቶ ማኪናው ላይ። ትንኙ ይነጨናል፣ እንሥቃለን። አያ አድማሱ ብቻ አልሣቀም። ጋቢውን ደሳለኝና እኔ ላይ ጣለ፣ እሱ ተቀምጦ በካርቶን ሲያራግብልን ነጋ።

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሳለኝ ወደቀ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለው፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ጋለ፣ ከዚያ ሰው መለየት ተወ። እኔና ሌላ አንድ ልጅም ለሦስት ቀን አንዘፍዝፎን ነበር፣ ማንም ግን ነገሩን አላገናኘውም። ቤታቸው ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ውስጥ መድኃኒት አዋቂ የተባለ ሰው ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አጭሶ፣ ደሳለኝን ጢሱ ላይ አስደፍቶ «ማን በላህ? ተናገር! ማን ነው?» እያለ ይጮኽበታል። እትዬ ጥሩነሽ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። ደሳለኝ ይቃዣል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ድንገት ዓይኑን ገልጦ «ጌቴ!» አለ። «ጌቴ! ጌቴ!»

ኳስ አቀብለኝ ማለቱ ነበር። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ ሜዳ ላይ ሲጠራኝ ድምፁ እንዲሁ ነበረ። ያ ሁሉ ሰው ግን ዞሮ እኔን አየኝ። በበሩ በኩል ያሉት መንገድ ዘጉ። መድኃኒት አዋቂው እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የኮላ ድባው ንግግሬ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

«ይርጋ ነው!» አልኩ። «እግሩን አይቶ ያደነቀው ይርጋ ነው። ለብቻው ማኪና ላይ ተኝቶ ሲያየን ነበር!»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ሌላውን ሰዉ ራሱ ጨመረበት። ለብቻው ነው የሚጠጣው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚሮጠው ለምን ይሆን፣ አባቱ ቀጥቃጭ አይደለም ወይ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን አነሡ። ቡዳው በበላው ሰው ላይ እንትፍ ካላለበት፣ ከልብሱም ተቀድዶ ካልታጠነበት አይለቅም ይባል ነበርና ይርጋንም አባቱንም ጎትተው ሊያመጡ ነው። «እምቢ ቢሉስ?» አለ አንዱ። «እምቢ ካሉ ቤታቸው ሣር ነው» አለ ሌላው፣ ኪሱ ውስጥ ክብሪት እያንኳኳ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አያ አድማሱ በዚህ መሐል ደረሰ። ከሥራ እንደወጣ ቱታው ዘይት በዘይት ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ነገሩት። «ማን አለ?» አላቸው። እኔን ጠቆሙት። አንገቱን ዘወር አድርጎ በደህናዋ ዓይኑ አየኝ። ኮላ ድባ ላይ ሜዳው ዳር፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ያልኩትን ሰምቷል። አሁን ይናገራል፣ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዱላችሁን አስቀምጡ» አለ። «ያ ልጅ ምንም አያውቅም። የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። እትዬ ጥሩነሽ ዋይታዋን አቆመች። አያ አድማሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብረት ቀጥቃጭ መሆኔን ታውቃላችሁ። ዓይኔንም ታዩታላችሁ። ሻይ ቤት ዳቦ ስትደብቁኝ የማላይ ይመስላችኋል? እኔ ነኝ።» ማንም አልተጠራጠረም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ተው አድማሱ፣ አንተማ አትሆንም» አላለም። ስንት ዘመን ይህን ቃል ከአፉ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር። መድኃኒት አዋቂው ከቱታው ጫፍ ቀድዶ ፍሙ ላይ ጣለው፤ በዘይት የራሰው ጨርቅ ጥቁር ጢስ አወጣ። «ተፋበት» አሉት። ደሳለኝ ላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን በመዳፉ ነካና እንትፍ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «የበላሁትን ራሴ ከዚህ ቤት ተሸክሜ ካላወጣሁት አይድንም። ማንም እንዳይከተለኝ» አለ። ማን ይከተለዋል? መንገዱን ለቀቁለት። ደሳለኝን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ፣ በቀጥታም ሆስፒታል ወሰደው። ወባ ነበር። መርፌውን ወጉት፣ ኪኒኑን ሰጡት፣ አያ አድማሱ ዘጠኝ ቀን ከአልጋው ሥር አልተነሣም።

ደሳለኝም ዳነ። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ መዳኑ ግን ማስረጃ ሆነ። ቡዳው ተፋ፣ ልጁ ዳነ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? ጋራዡ በወሩ አሰናበተው። ሻይ ቤቱ እሱ የጠጣበትን ብርጭቆ አውጥቶ ሰበረው። አባቴ ሜዳው አጠገብ ካየሁህ እግርህን እሰብረዋለሁ አለኝ፣ የሌሎቹም አባቶች እንደዚያው። ቡድናችን በአንድ ሳምንት ፈረሰ። አያ አድማሱ ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ኖረ፤ ለሥራ የሚጠሩት ሌላ ሰው ሲያጡ ነው፣ ሲጨርስም ምሳ አያቀርቡለትም። እኔ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሌላው ዳር እሻገር ነበር። እንደ ሰዉ ፈርቼው የምሻገር መስዬ ነበር የምቀላቀለው። እኔ የምፈራው ግን ዓይኑን አልነበረም።

አሥራ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። መምህር ሆኜ፣ አግብቼ፣ ክራቫት አስሬ ለእረፍት ወደ ጎንደር ስመጣ አንድ ቀን ቤቱ ሄድኩ። ምን ልቤን እንዳጸናው አላውቅም። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። መስኮቱ ላይ አንዲት ያማረች የወለቃ ጀበና ነበረች። የይርጋ እናት በየዓመቱ አንድ ሸክላ ትልክለታለች፣ ይርጋም ራሱ ይመጣል፣ በር ላይ ቆሞ ያጫውተዋል። ዳቦ ይዤለት ሄጄ ነበርና ቆርሶ ሲበላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ምነው አያ?» አልኩት። «ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። ያኔ አለቀስኩ። የደበቅኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ቅናቴን፣ ኮላ ድባ ላይ ያልኩትን፣ ይርጋን የጠራሁበትን።

«ሰምቼህ ነበርኮ» አለኝ። «ሸጋ ልጅ ነበርክ። ያኔ ምንም አልታዘብኩህም። የዚያን ቤት ፍርሃት ጎልማሳም አይችለው፣ አንተ ደግሞ አሥራ አራት ዓመትህ ነበር።» ዳቦውን አስቀመጠ። «ከዚያ ወዲህስ ጌቴ? ሃያ ሲሆንህስ? መምህር ስትባልስ?»

በማግስቱ ከሰዓት በፊት እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድኩ። ደሳለኝ ሾፌር ሆኖ አሥመራ መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጁን አያቱ ዘንድ ትቶት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አርጅታለች፣ እኔን ስታይ ግን ደስ አላት፣ አገላብጣ ሳመችኝ። ሁለት ጎረቤት ሴቶችም ነበሩ። ልጁ ፈጥኖ ለመደኝ፤ ጭኔ ላይ ወጥቶ ክራቫቴን ይጎትታል። በአንድ ትንፋሽ ካልተናገርኩት እንደማልናገረው አውቄ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አያ አድማሱ ደሳለኝን አልበላውም። ይርጋም አላየውም። ወባ ነበር፣ ኮላ ድባ የያዘው።»

«ታዲያ ካልበላው፣ ሲተፋበት እንዴት ዳነልኝ?» አለች።

«በሆስፒታሉ መርፌ ነው። ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው በራሱ ላይ የተናገረው። ይርጋንም የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ።»

«ምነው ትዋሻለህ?»

«ፈርቼ። ደሳለኝ ስሜን ሲጠራ ሰው ሁሉ አየኝ። ኮላ ድባ ላይ እግሩን ያደነቅሁት እኔ ነበርኩ፣ እትዬ። ቀንቼበትም ነበር።»

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ጥሩነሽ አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ተነሣች፣ ልጁን ከጭኔ ላይ አነሣችው፣ ነጠላዋንም ስባ ፊቱን ሸፈነችው።